«መንግሥት» ስንል ምን ማለታችን ነው? ፖለቲካን በትርጓሜ መንገድ ስለ ማጥናት



ማኅበረሰባችን በእስራኤል አገር ብዙ ከተጠኑት ማኅበረሰቦች አንዱ ነው። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በተካሄደው «ዘመቻ ሙሴ»፣ እንዲሁም በግንቦት 1991 በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው በአውሮፕላን በገባበት «ዘመቻ ሰሎሞን» የመጡት ወገኖቻችን አገሩን በቅጡ ሳይለምዱት ቅጽ የያዘ ጠያቂ ደጃቸው ደርሷል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እዚህ በቤር ሼቫም በ1990ዎቹ መጀመሪያ በናሐል ቤቃ የካራቫን ሠፈር የኖሩትም ሆኑ በመርካዝ ክሊታ የቆዩት ወላጆቻችን ከጠያቂ ጋር መቀመጥን ያውቁታል።

እንግዲህ አንድ ጠያቂ ወደ አንድ ሽማግሌ ቤት ገባ እንበል። ቅጹ «በመንግሥት ላይ ያለዎት እምነት ከአንድ እስከ አምስት ቢለካ ስንት ነው?» ይላል። ሽማግሌው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምን ይጎድላል» ይላሉ። ጠያቂውም «አምስት» ብሎ ይጽፋል። እንዲህ ያሉ መልሶች ይደመሩና ሠንጠረዥ ይሆናሉ፤ ሠንጠረዡ ለመሥሪያ ቤት ይቀርባል፤ መሥሪያ ቤቱም «ከኢትዮጵያ የመጡት ኦሊም ረክተዋል» ብሎ ይደመድማል። ሽማግሌው ግን ያመሰገኑት ፈጣሪያቸውን እንጂ ሚኒስትሩን አልነበረም።

እዚህ ላይ የተሳሳተው ድምሩ አይደለም፤ የተሳሳተው የቃሉ ትርጉም ነው። መንግሥትንና ፖለቲካን የሚያጠኑ ምሁራን ይህን ዓይነቱን ችግር ለመፍታት የሚከተሉት አንድ መንገድ አለ፤ ትርጓሜያዊ ጥናት ይባላል። ምን እንደሆነ፣ ለእኛስ ለምን እንደሚጠቅም ከዚህ በታች እንመለከታለን።

ትርጓሜያዊ ጥናት ምንድን ነው?

ትርጓሜ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ቄሶቻችን በስግድ ዕለት ኦሪቱን በግዕዝ አንብበው ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ይተረጉሙታል። ንባቡ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ትርጓሜውን የሚያውቅ ሰው እንደሚያስፈልግ ከአባቶቻችን ተምረናል። ትርጓሜያዊ ጥናት የሚለውም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ የሰው ሥራ እንደ ጽሑፍ ነውና፣ ለሠሪው ያለው ትርጉም ሳይታወቅ ሥራው ታወቀ አይባልም ይላል።

ከዘመናዊ ምሁራን መካከል ጀርመናዊው ማክስ ቬበር (1864–1920) የማኅበራዊ ጥናት ተግባር ሰው ለሥራው የሚሰጠውን ትርጉም መረዳት እንደሆነ አስተምሯል። ካናዳዊው ፈላስፋ ቻርለስ ቴይለር በ1971 ባሳተመው ድርሰት ፖለቲካ የሚሠራው ሰዎች በጋራ በያዙት ትርጉም ውስጥ መሆኑን ገለጸ። ለምሳሌ «ድርድር» የሚባለው ነገር ሁለት ወገን የየራሱን ጥቅም ይዞ የሚከራከርበት ሥርዓት መሆኑን በሚያውቅ ማኅበረሰብ ዘንድ ብቻ ድርድር ይሆናል። የእኛ ሽምግልና ከዚህ ይለያል፤ ሽማግሌ የሚቀመጠው ሁለቱ ወገኖች ታርቀው በአንድ መንደር እንዲኖሩ እንጂ አንዱ እንዲረታ አይደለም። ሽምግልናን «ድርድር» ብሎ የመዘገበ ተመራማሪ አየሁ ያለውን ነገር አላየም።

አሜሪካዊው ክሊፎርድ ጊርትዝ ደግሞ በ1973 ባሳተመው ስለ ባህል ትርጓሜ በሚናገረው መጽሐፉ «ጥልቅ ገለጻ» የሚለውን ሐሳብ አስፋፋ። ይህንንም በራሳችን ምሳሌ ማየት እንችላለን። ብዙ ኢትዮጵያዊ «አዎ» ለማለት ትንፋሹን አጠር አድርጎ ወደ ውስጥ ይስባል። ያላወቀ ሐኪም ሲሰማው ሰውየው የደነገጠ፣ ወይም ደረቱን የሚያመው ይመስለዋል። በመቅጃ መሣሪያ ቢመዘገብ የድንጋጤውም የ«አዎ»ውም ትንፋሽ ተመሳሳይ ድምፅ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ያለው በትርጉሙ ነው፤ ትርጉሙም የሚገኘው ከማኅበረሰቡ ዘንድ ነው።

አንድ ቃል፣ ሦስት ትርጉም

አሁን ወደ ሽማግሌው መልስ እንመለስ። በዕብራይስጥ «ሜምሻላ» ማለት በምርጫ የሚመጣና የሚሄድ አስተዳደር ነው፤ «ሜዲና» አገሪቱና ሥርዓቷ ናት፤ «ማልኹት» ደግሞ የንጉሥ ግዛት ነው። በአማርኛ ሦስቱንም «መንግሥት» ልንላቸው እንችላለን። ቃሉ «ነገሠ» ከሚለው ግሥ የመጣ ነውና በውስጡ ንጉሡ አሉ፤ ቀጥሎ የመጣውም ሥርዓት በዚሁ ስም ሲጠራ ኖሯል።

ስለዚህ በዕብራይስጥ «በሜምሻላ ታምናለህን?» የሚለው ጥያቄ ወደ አማርኛ ሲመለስ «በመንግሥት ታምናለህን?» ይሆናል። ጠያቂው የጠየቀው በሥልጣን ላይ ስላሉት ሚኒስትሮች ነው። ሽማግሌው የሰሙት ግን ስለ እስራኤል አገር ነው፤ ምናልባትም ለሺህ ዘመን ስለ ተናፈቀችው ኢየሩሳሌም። ታዲያ በሱዳን በረሃ ልጃቸውን ቀብረው ወደዚህ የመጡ አባት «አላምንም» እንዴት ይላሉ? የመሥሪያ ቤት አሠራር የሚያንገበግባቸው ሰው በቅጹ ላይ «አምስት» ሊሉ የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው። ውሸት አልተናገሩም፤ የተጠየቁትን ሳይሆን የሰሙትን መለሱ።

«ፖለቲካ» የሚለውም ቃል እንዲሁ ነው። «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» የሚለውን አባባል የማያውቅ የለም። በደርግ ዘመን (1974–1991) ፖለቲካ ማለት እስር፣ ስብሰባና ምዝገባ ነበር። ከ1975 ወዲህ በገጠሩ ገበሬ ማኅበር፣ በከተማው ቀበሌ ተቋቁሞ ስም የሚጽፈው፣ ለሰልፍ የሚያስወጣው እሱ ነበር። ያን ያሳለፉ እናት ዛሬ አንድ ወጣት ቅጽ ይዞ ቢጠይቃቸው «እኔ ፖለቲካ አላውቅም ልጄ» ይላሉ። ይህን «ለፖለቲካ ፍላጎት የላቸውም» ብሎ መጻፍ ንባቡን ይዞ ትርጓሜውን መጣል ነው። ሰልፍም ቢሆን ለእኚህ እናት ታዘው የወጡበት ነገር ነው፤ እዚህ ለተወለደው ልጃቸው «ሃፍጋና» በፈቃዱ ወጥቶ መብቱን የሚጠይቅበት ነው። በአንድ ቤት ውስጥ እናትና ልጅ ስለ ሰልፍ ሲከራከሩ ብዙ ጊዜ የሚከራከሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው።

ዝምታና ደጅ ጥናት

በነገሥታቱ ዘመን ሹመት ወይም ፍርድ የሚፈልግ ሰው የባለሥልጣኑን ደጅ ይጠና ነበር። ደጅ ጥናት ሳምንታትም ወራትም ይፈጃል። መታገሥ ታማኝነትን ያሳያል፤ መጮኽ ነውር ነው። ነገር ግን የተበደለ ሰው «አቤት!» ብሎ የማመልከት መብት ነበረው፤ «አቤቱታ» የሚለው ቃላችን ከዚሁ የመጣ ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውም አባባል ከዚያው ዘመን የወጣ ነው።

ይህን ልማድ የያዘ ሰው በእስራኤል መሥሪያ ቤት ወረፋ ላይ ሲቀመጥ ዓይኑን ዝቅ አድርጎ ዝም ብሎ ይጠብቃል። በእርሱ ዘንድ ይህ ክብር መስጠት ነው፤ «እኔ የተከበርሁ ሰው ነኝ፣ አንተም አክብረኝ» ማለትም ነው። ጸሐፊዋ ግን «ጸጥተኛና የማይቸገር ሰው» ብላ ልትተረጉመው ትችላለች። ቅሬታው «ሆድ ይፍጀው» ተብሎ ይከማቻል።

አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን በሸዋ፣ በመንዝ ኖሮ በ1965 ያሳተመውን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ብሎ የሰየመው ያለ ነገር አይደለም። አማርኛ በሁለት ትርጉም መናገርን የሚያስችል መሆኑ ሰው የውስጡን እንዲሰውርና ባለሥልጣንን ሳይጋፈጥ እንዲነቅፍ እንደሚረዳው አሳይቷል። ጄምስ ስኮትም በ1990 ባወጣው መጽሐፉ ደካሞች በጌቶች ፊት የሚናገሩትና ለብቻቸው ሲሆኑ የሚናገሩት የተለያየ መሆኑን በሰፊው አብራርቷል፤ መጽሐፉንም የከፈተው ለጌታው ጎንበስ ስለሚል ገበሬ በሚናገር የኢትዮጵያ ምሳሌያዊ አነጋገር ነው።

እንግዲህ ዝምታን እርካታ ብሎ የተረጎመ መሥሪያ ቤት ሕዝቡ አደባባይ ሲወጣ «ድንገት ምን ነካቸው?» ማለቱ አይቀርም። በ1985፣ በ1996፣ በ2015 እና በ2019 የወጣው ሕዝብ ግን ድንገት አልተነሣም።

ውኃውና ደሙ

ሁለት ጊዜያትን ቀረብ ብለን እንመልከት።

በ1973 የሰፋርዲም ዋና ረቢ የነበሩት ረቢ ዖቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ መሆናቸውን ወስነው ነበር፤ በ1975 ደግሞ የመመለሻው ሕግ እንዲመለከተን ተደረገ። ይሁን እንጂ የረቢዎች አመራር ጥርጣሬን ለማስወገድ በሚል በቅድሚያ ለመጡት ወንዶች የደም ጠብታ፣ ለሁሉም ደግሞ በመጥለቂያ ውኃ መንጻትን (ትቪላ) ጠየቀ። የደም ጠብታው በኋላ ቢቀርም ትቪላው ቀጠለ። በ1985 መጸው ወገኖቻችን በኢየሩሳሌም ከረቢኑቱ ሕንፃ ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀምጠው ተቃወሙ።

ከውጭ ለሚያይ ሰው ይህ ግራ ያጋባል። ቤተ እስራኤል ከወንዝ ዳር የሚኖር፣ በመንጻት ሕጉ የታወቀ፣ እንግዳ የነካው ሳይታጠብ የማይገባ ሕዝብ አልነበረምን? አዎ፣ ነበር። ውኃው አልከበደውም፤ የከበደው ትርጉሙ ነበር። ለረቢዎቹ ትቪላው ጥንቃቄ ነበር። ለእኛ ግን «አባቶቻችሁ አይሁድ አልነበሩም» የሚል ቃል ነበር። ከዚያም በላይ «መጥለቅ» በአማርኛ «ጥምቀት» ነው፤ ጥምቀት ደግሞ በአገራችን የክርስትና ስም ነው። ከ1860 ገደማ ጀምሮ በጎንደር አካባቢ የገቡት ሚሲዮናውያን ሲያግባቡን የኖሩት «ተጠመቁ» እያሉ ነው። አባቶቻችን ላለመጠመቅ መከራ ከተቀበሉ በኋላ በኢየሩሳሌም እንደገና «ተጠመቁ» መባል ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር አይገለጽም። «ትቪላን የሚቃወመው ከመቶ ስንት ነው?» ብሎ የጠየቀ መጠኑን ያውቃል፤ ምክንያቱን አያውቅም።

ሁለተኛው የ1996ቱ የደም ጉዳይ ነው። በዚያ ዓመት ጥር «ማዓሪቭ» ጋዜጣ ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች የሚለግሱት ደም ለዓመታት በምስጢር ሲጣል መኖሩን ገለጸ። ጥር 28 ቀን 10,000 ያህል ሰው በኢየሩሳሌም ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ለፊት ተሰበሰበ፤ ከፖሊስም ጋር ግጭት ሆነ። ጉዳዩን እንዲመረምር በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይጽሐቅ ናቮን የሚመራ ኮሚቴ ተቋቋመ።

የጤና ባለሥልጣናቱ መልስ በቁጥር የተደገፈ ነበር፤ የኤች አይ ቪ ሥርጭት ከኢትዮጵያ በመጡት ዘንድ ከፍ ያለ ነው አሉ። ደሙን በምስጢር የጣሉትም ማኅበረሰቡን ላለማሳፈር እንደሆነ ተናገሩ። በእነርሱ ትርጓሜ ምስጢሩ ደግነት ነበር። በእኛ ትርጓሜ ግን ከጥፋቱ ሁሉ የከፋው ምስጢሩ ነበር። ደም በአማርኛ ዘር ነው፣ ዝምድና ነው፤ የሥጋ ዘመዳችንን «ደሜ» እንለዋለን። ወታደሩ ልጃችን ደሙን ሲሰጥ ለአገሩ ስጦታ ሰጥቷል፤ ስጦታን በፈገግታ ተቀብሎ ከጓሮ መጣል ግን ስጦታውን በግልጽ ከመመለስ ይከፋል። በዚያ ላይ በኢትዮጵያ «ቡዳ» እየተባልን፣ ደም የምንጠጣ እየተደረግን ስንፈራ የኖርን ሕዝብ ነን። በአገራችን ገባን ባልንበት ጊዜ ደግሞ ደማችን ራሱ የሚፈራ ሆነ። የሕዝቡን ቁጣ ከዚህ ታሪክ ለይቶ «የጤና መረጃ እጥረት» ብሎ መተርጎም አይቻልም።

መሥሪያ ቤቱም ይተረጎማል

እስካሁን ያየነው የእኛን ወገን ነው። ነገር ግን ትርጓሜያዊ ጥናት በድሃና በኦሌ ላይ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ፍርደ ገምድል ነው። ቢሮውም የራሱ ባህል፣ የራሱ ሰምና ወርቅ አለው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሆነው ጥናት የተሠራው እዚሁ እስራኤል ውስጥ ነው። ድቮራ ያኖቭ የተባለች ምሁር በ1996 ባሳተመችው መጽሐፍ የማትናሶችን፣ ማለትም ከ1969 ወዲህ በልማት ከተሞች የተከፈቱትን የማኅበረሰብ ማዕከላት፣ ታሪክ መረመረች። መመሪያዎቹን ብቻ አላነበበችም፤ ሕንፃዎቹንም አነበበች። በድሃ ሠፈር መካከል የተሠራ ሰፊና ያማረ ሕንፃ፣ በውስጡም የሚሰጡት ትምህርቶች፣ «እንዲህ መኖር ይገባችኋል» የሚል መልእክት ለነዋሪው ያስተላልፉ እንደነበር አሳየች። ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጡትን ወገኖች ወደ ምዕራባዊ ኑሮ የመለወጥ ዓላማ ነበረ፤ ይሁንና በአደባባይ የሚነገር አልነበረም። ማንም ሳይናገረው ግን ሁሉም ያውቀው ነበር።

አስቴር ሄርጾግ ደግሞ በአንድ መርካዝ ክሊታ ስለ ኢትዮጵያ ኦሊም ያደረገችውን ጥናት በ1999 በእንግሊዝኛ አሳትማለች። ያየችው ነገር ለእኛ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው። ሠራተኞቹ «ባህላቸው ስለሆነ ነው፣ እርዳታ ያስፈልጋቸዋል» ሲሉ ይህ አነጋገር የኦሊሙን ጥገኝነትና የቢሮውን ሥልጣን ያጸና ነበር። ስለዚህ «ባህል» የሚለው ቃል ራሱ መተርጎም አለበት። አንድ ልጅ ትምህርት ሲከብደው «ባህሉ ነው» ከተባለ ስለ ክፍሉ መጨናነቅ፣ ስለ መምህሩ ንቀት ማንም አይጠየቅም። ትርጓሜ ጥፋትን መሸፈኛ ጋቢ መሆን የለበትም።

ቁጥርስ አይጠቅምምን?

ይጠቅማል። በ2015 የጸጥታ ሰዎች አንድ ወታደር ልጃችንን ሲደበድቡ በቪዲዮ ከታየ በኋላ በተነሣው ተቃውሞ የተቋቋመው፣ በፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር በኤሚ ፓልሞር የተመራው ኮሚቴ በ2016 ባቀረበው ዘገባ ዘረኝነት በተቋማት ውስጥ መኖሩን አምኗል። ወላጆች «ልጆቻችንን ፖሊስ ያሳድዳቸዋል» እያሉ ለዓመታት ተናግረው ነበር፤ የእስርና የክስ ቁጥር ሲጨመርበት ግን «ይመስላችኋል» ለማለት አስቸገረ። ቁጥር የጉዳቱን ስፋት ያሳያል፤ ትርጓሜ የጉዳቱን ምንነት ያሳያል። አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው።

ትርጓሜም እንዲሁ በግምት የሚሰጥ አይደለም። «የመሰለኝን ተረጎምሁ» ማለት ጥናት አይባልም። ጥሩ ተርጓሚ ብዙ ሰው ይጠይቃል፤ ሴቱንም ወንዱንም፣ ቄሱንም ወጣቱንም። የተባለውን ከተደረገው ጋር ያመሳክራል። በመጨረሻም የጻፈውን ይዞ ወደ ተናጋሪው ይመለስና «እንዲህ ማለትዎ ነበር?» ብሎ ያረጋግጣል። ትርጓሜዎች ሲለያዩም ልዩነቱን አይደብቅም። ስግድን እንውሰድ። በአምቦበር ተራራ ሲጾም የነበረው ወደ ኢየሩሳሌም ለመመለስ ነበር። ዛሬ በኢየሩሳሌም ሆነን እንጾማለን፤ በ2008 ክኔሴት ብሔራዊ በዓል አድርጎታል፤ ሚኒስትሮችም መጥተው ይናገራሉ። ለቄሶቹ ዕለቱ ኪዳንን ማደስና ስለ መቅደሱ መጸለይ ነው፤ ለመንግሥት እውቅና መስጠት ነው፤ ለወጣቱ «እኛ ማን ነን?» የሚለውን መጠየቂያ ነው። ሦስቱም እውነት ናቸው፤ ጥናቱ አንዱን መርጦ ሁለቱን ቢያጠፋ ግን ውሸት ይሆናል።

ለቤተሰቦችና ለተመራማሪዎች

ወደ ቤታችን ጠያቂ ሲመጣ ሦስት ነገር እንጠይቅ። ጥናቱ ለማን ነው? ጥያቄው በዕብራይስጥ እንዴት ይላል? ውጤቱንስ መልሳችሁ ታሳዩናላችሁን? ይህ ባለጌነት አይደለም፤ የተጠያቂ መብት ነው። መልሳችንም በቁጥር የማይወሰን ከሆነ «ምክንያቴንም ጻፍልኝ» እንበል።

ተመራማሪዎችም በበኩላችሁ፣ በተለይ ከማኅበረሰባችን ወጥታችሁ በዩኒቨርሲቲ የምትማሩ ልጆቻችን፣ ከቅጹ በፊት በቡናው ላይ ተቀመጡ። «መንግሥት»፣ «ክብር»፣ «መብት»፣ «ሹም» የሚሉት ቃላት በአያቶቻችሁ አፍ ምን ማለት እንደሆኑ ጽፋችሁ ያዙ። ክብርን ብቻ ብትወስዱ የዕብራይስጡ «ካቮድ» ከክብደት የወጣ ቃል ነው፤ «ከበደ» ከሚለው የእኛ ግሥ ጋርም ዝምድና አለው። በሁለቱም ሕዝብ ዘንድ የተከበረ ሰው ቃሉ ይመዝናል ማለት ነው።

ኦሪቱን በግዕዝ የሚያነቡና የሚተረጉሙ፣ የደጅ ጥናትን ዘመን በዓይናቸው ያዩ ሽማግሌዎች ቁጥራቸው ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ ነው። እነርሱ ሲያልፉ ሠንጠረዦቹ በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ይቀራሉ፤ ትርጓሜያቸው ግን ካልተጻፈ አብሮ ይቀበራል። ስለዚህ ልጆች ጠይቁ፣ ወላጆችም ተናገሩ።